ብሬከሩ ሳይጥል ሞተሩ ለምን ይቃጠላል?

ጥያቄው፦ «ደብረ ብርሃን አካባቢ አነስተኛ የዱቄት ፋብሪካ አለኝ። ከ15 ኪሎቮልት መስመር የሚወስድ የራሳችን 315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር አለን። የወፍጮው 45 ኪሎዋት ሞተር በስታር ዴልታ ነው የሚነሳው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቃጥሎ አስጠቅልዬዋለሁ። ብሬከሩ 125 አምፔር ነው፣ አንድም ቀን አልጣለም። ኦቨርሎዱ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው 84 አምፔር ነው የተሞላው። የብሎወሩ 22 ኪሎዋት ድራይቭም “ኦቨርቮልቴጅ” እያለ ይቆማል፤ ከእሱ በፊት የነበረው መብራት ሄዶ ሲመጣ ፈንድቷል። ኤሌክትሪሺያኔ ብሬከሩ ፎርጅድ ነው ይላል። ሻጩ ደግሞ ለጠቅላላው ፋብሪካ ስታብላይዘር ግዛ ይለኛል። ትራንስፎርመሩም ይጮሃል። ገንዘቤን የት ላውል?»

ብሬከሩን አይቀይሩ፤ ስታብላይዘሩንም አይግዙ። ብሬከሩ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፣ እውነተኛ ቢሆንም ግን ሞተሩን አያድነውም ነበር። የብሬከር ሥራ ኬብሉን መጠበቅና ሾርት ሲፈጠር መቁረጥ ነው። በ125 አምፔር ብሬከር ውስጥ 120 አምፔር ቀኑን ሙሉ ቢያልፍ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም። ለ84 አምፔር ለተሠራ ሞተር ግን ይህ የ43 በመቶ ጭማሪ ነው፤ በጥቅሉ (በሞተሩ ውስጥ በተጠመጠመው ሽቦ) ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ ወደ እጥፍ ይጠጋል። አብዛኛው የዛሬ የኢንዱስትሪ ሞተር የክላስ ኤፍ ኢንሱሌሽን (የሽቦው መከላከያ ሽፋን) አለው፤ የሚፈቀድለት ጣሪያ 155 ዲግሪ ነው። ከዚያ ላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የኢንሱሌሽኑ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚለው የቆየ የሙያ ስሌት እስካሁን ይሠራል። ስለዚህ ሞተርን የሚጠብቀው ኦቨርሎድ ሪሌው፣ ማለትም አምፔሩ ከተሞላለት ቁጥር ሲያልፍ ሞተሩን የሚያቆመው መሣሪያ ነው፣ የእርስዎ ችግር የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው።

በስታር ዴልታ ቦርድ (ሞተሩ በስታር ተነስቶ ወደ ዴልታ የሚዞርበት) ውስጥ ኦቨርሎዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጠመው ከዋናው ኮንታክተር (በማግኔት የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) ሥር፣ ወደ ሞተሩ ሦስት ጫፎች በሚወርደው ኬብል ላይ ነው። በዚያ ቦታ የሚያልፈው የመስመሩ አምፔር ሳይሆን የአንዱ ጥቅል አምፔር ነው፤ ማለትም በ1.73 ተካፍሎ የሚቀረው። ለ84 አምፔር ሞተር 49 አምፔር ገደማ ይሆናል። የእርስዎ ሪሌ እዚያ ቦታ ላይ ሆኖ 84 ላይ ከተሞላ፣ ሞተሩ ከመስመር 145 አምፔር እስኪስብ ድረስ ዝም ይላል። ይህን ስህተት በወፍጮ ቤት፣ በእንጨት ሥራ ቤት፣ በውኃ ፓምፕ ቦርድ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ቦርዱን የገጠመው ሰው ሰሌዳውን አንብቦ ቁጥሩን እንዳለ ስለሚሞላው ነው። ቦርዱ ከላይ ሲታይ ንጹሕ ነው፣ ቁጥሩም ከሰሌዳው ጋር ይገጥማል፣ ማንም አይጠረጥረውም።

ከመቀየርዎ በፊት ግን ያረጋግጡ። ወፍጮው ሙሉ እህል ይዞ እየፈጨ ሳለ ኤሌክትሪሺያኑ በክላምፕ ሜትር መጀመሪያ ወደ ቦርዱ የሚገባውን ኬብል፣ ከዚያ በኦቨርሎዱ ውስጥ የሚያልፈውን ኬብል ይለካ። ሁለተኛው የመጀመሪያው 58 በመቶ ያህል ከሆነ ሪሌው በዴልታው ውስጥ ነው፣ 49 ላይ መሞላት አለበት። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሪሌው በመስመሩ ላይ ስለሆነ 84 ትክክል ነው፣ ምክንያቱን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። አሁን ያለው ሪሌ ወደ 49 አይወርድም፤ 49ን በመሃሉ የሚይዝ ሌላ ሪሌ መግዛት ግድ ነው። ከተስተካከለ በኋላ ቶሎ ቶሎ ከጣለ ቁጥሩን ወደ ላይ አያስነሱት። ያን ጊዜ ሪሌው እየነገርዎት ያለው ወፍጮው ከአቅም በላይ እየተሞላ መሆኑን ነው። «አውቶ ሪሴት» የሚለው ቁልፍም በእጅ ወደሚመለሰው ይዙር። ጥሎ በራሱ የሚመለስ ኦቨርሎድ የጋለ ሞተርን እንደገና ያስነሳል፣ መልሶም ያስነሳል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የፌዝ መጉደል ነው። እየዞረ ያለ ሞተር አንድ ፌዝ ቢጠፋበት አይቆምም። ጭነቱን በቀሩት ሁለት መስመሮች ይዞ ይቀጥላል፣ አምፔሩም በእነሱ ላይ ወደ 1.7 እጥፍ ይወጣል። ቆሞ የነበረ ሞተር ከሆነ ደግሞ አይነሳም፤ እያጉረመረመ የመነሻ አምፔሩን፣ ማለትም ከመደበኛው ስድስትና ሰባት እጥፍ የሚሆነውን፣ ይጠጣል። የእኛ አገር መስመር ላይ ፌዝ የሚጎድለው በሁለት ቦታ ነው፤ ወይ በፋብሪካው ውስጥ (የተቃጠለ የኮንታክተር እግር፣ የላላ ቦልት፣ የበሰለ ፊውዝ)፣ ወይ በ15 ኪሎቮልቱ በኩል አንዱ ድሮፕአውት (ሲቃጠል ወደ ታች የሚወድቀው የመስመሩ ፊውዝ) ሲወድቅ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ትራንስፎርመሩ እንደተለመደው ከላይ ዴልታ ከታች ስታር ከሆነ፣ ከላይ አንድ መስመር ሲጠፋ ከታች አንድ ፌዝ ሙሉ ቮልቴጁን እንደያዘ ይቀራል፤ ሁለቱ ወደ ግማሽ ይወርዳሉ። አንዳንዱ አምፖል ደምቆ ሌላው ሲደበዝዝ የሚታየው ይኼኔ ነው። በሞተሩ ላይ ደግሞ አንዱ መስመር የሌሎቹን እጥፍ ይሸከማል። በሦስቱም መስመር አምፔር ስላለ «ፌዝ አልጠፋም» ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም።

የትኛው እንደደረሰብዎት ለማወቅ የሚቀጥለው ጥቅለላ ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ ሲፈታ ይድረሱ፣ ወይም ጠቅላዩ ፎቶ ያንሳልዎት። ጥቅሉ ዙሪያውን በእኩል ከጠቆረ ጭነት በዝቶበታል ወይም ሳይነሳ ቆሞ ቆይቷል። የጠቆሩና ደህና የሆኑ ክፍሎች በእኩል ርቀት ከተፈራረቁ ፌዝ ጎድሎበታል። የእርስዎ ሞተር ሲሠራ በዴልታ ስለሆነ፣ ከሦስቱ ፌዞች የአንዱ ጥቅል ብቻ ተቃጥሎ ሁለቱ ከተረፉ ፌዙ የጠፋው እዚያው ከሞተሩ መስመር ላይ መሆኑ አይቀርም። ሁለቱ ተቃጥለው አንዱ ከተረፈ ወደ 15 ኪሎቮልቱ ያመለክታል። በስታር የሚሠራ ሞተር ላይ ንባቡ ተገላቢጦሽ ነው። አንድ ነጥብ ብቻ ተበስቶ ቀሪው ንጹሕ ከሆነ ደግሞ የመብረቅ፣ የእርጥበት ወይም የጥቅለላ ጉድለት ነው። ይህ የአምስት ደቂቃ ምርመራ ነው፤ ሦስቱም ጥቅለላዎች ሲሠሩ ማንም አላየውም ብዬ እገምታለሁ፣ ምክንያቱም ጠቅላዩ የሚከፈለው ለመጠቅለል እንጂ ለመመርመር አይደለም።

የፌዝ መጉደልን ብዙ ቦርድ የማያየው ለምንድን ነው? የኮንታክተሩ ኮይል የሚበላው ከአንድ ወይም ከሁለት ፌዝ ነው፤ የጠፋው ሌላው ከሆነ ኮንታክተሩ እንደያዘ ይቆያል። ርካሹ የፌዝ ሪሌም ሊታለል ይችላል። እየዞረ ያለ ሞተር በጠፋው መስመር ላይ ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫል፣ ጭነቱ ቀላል ከሆነ ከመደበኛው ብዙም የማይርቅ። «ፌዝ አለ ወይስ የለም» ብቻ የሚለው ሪሌ «አለ» ብሎ ያልፈዋል። የሚገዙት ሪሌ በሦስቱ ፌዞች መካከል ያለውን ልዩነት የሚለካና ገደቡን በመቶኛ መሙላት የሚቻልበት መሆን አለበት። 5 በመቶ ላይ ይጀምሩ፣ ከ8 አያሳልፉት፣ የመቁረጫ መዘግየቱን ጥቂት ሰከንድ ያድርጉት። የልዩነቱ ነገር ቀላል አይደለም፤ ሦስቱ ቮልቴጆች 400፣ 392 እና 384 ቢሆኑ ልዩነቱ 2 በመቶ ብቻ ነው፣ የሞተሩ አምፔር ግን ከዚያ ስድስት እስከ አሥር እጥፍ ይዛባል። 3.5 በመቶ ሲደርስ የሞተሩ የሙቀት ጭማሪ በሩብ ገደማ ያድጋል።

የቮልቴጅ ሪሌው ደግሞ የማያየው ነገር አለ። ከመጪው መስመር ላይ ስለሚለካ ከእሱ በታች የተቃጠለ የኮንታክተር እግር ወይም የተቆረጠ ኬብል አይታየውም። ስለዚህ ለ45 ኪሎዋቱ ሞተር የምመክረው የሙቀት ኦቨርሎዱን በተመሳሳይ እንዳይቀይሩትና አምፔርን በሦስቱም መስመር የሚለካ ኤሌክትሮኒክ ኦቨርሎድ እንዲገዙ ነው። መዛባትንም መጉደልንም በሴኮንዶች ውስጥ ይቆርጣል። አሞላሉ ላይ ከላይ ያልኩት የ49 ነገር እሱንም ይመለከታል።

ሦስተኛው ጥበቃ እጅግ ርካሽ ሆኖ ሳለ ማንም የማይጠይቀው ነው። ሞተሩ ሲጠቀለል በሦስቱ ፌዞች ጥቅል ውስጥ አንድ አንድ የፒቲሲ ቴርሚስተር (ሙቀት የሚያውቅ ትንሽ ዕቃ) እንዲቀበርልዎት ያዝዙ። ሦስቱ በተከታታይ ተያይዘው ሁለት ቀጭን ሽቦ ሆነው ወደ ቦርዱ ይመጣሉ፣ አነስተኛ ሪሌ ይቀበላቸዋል፤ ጥቅሉ ከተወሰነው ሙቀት ሲያልፍ ሬዚስታንሳቸው በድንገት ወደ 3 ኪሎኦም ይዘላል፣ ሪሌውም ሞተሩን ያቆማል። ኦቨርሎድ ሪሌ ሙቀትን የሚገምተው ከአምፔር ነው። የሞተሩ ፋን ቢሰበር ወይም በእርስዎ ቤት እንደሚሆነው የዱቄት ብናኝ የሞተሩን ክንፎች ቢሸፍነው አምፔሩ አይጨምርም፣ ሞተሩ ግን ይጋላል። ይህን የሚያውቀው ቴርሚስተር ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያ፦ የቴርሚስተሩን ሽቦ በሜገር (ኢንሱሌሽንን በከፍተኛ ቮልቴጅ በሚለካው መሣሪያ) እንዳይለኩት፤ ከ2.5 ቮልት በላይ አይሰጠውም። ሌላም ነገር፣ የዱቄት ብናኝ በአየር ላይ ሲበተን የሚፈነዳ ነገር ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚቃጠል ሞተር ከጥቅለላ ዋጋ የበለጠ ሊያስከፍል ስለሚችል ብናኙን በየፈረቃው ያስጠርጉት።

ሦስት ጊዜ የተጠቀለለ ሞተር ራሱም ሊጠረጠር ይገባል። የድሮውን ጥቅል ለማውጣት በእሳት ከተለበለበ የብረቱ ስስ ንጣፎች መካከል ያለው ኢንሱሌሽን ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ ብረቱ ራሱ ይግላል። ያለ ጭነት ሲዞር የሚስበውን አምፔር ይለኩት። የዚህ ዓይነት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከሰሌዳው ከሩብ እስከ 40 በመቶ ያህል ነው። ብዙ ካለፈ አራተኛ ጥቅለላ አያስፈልገውም፣ አዲስ ሞተር ይግዙ።

ስታብላይዘሩን አይግዙ ያልኩት ለምንድን ነው? ስታብላይዘር የሚያስተካክለው ቀስ ብሎ የሚወርድና የሚወጣ ቮልቴጅን ነው፣ ያውም በተወሰነ ክልል ውስጥ። ግማሽ የሆነን ፌዝ ወደ ሙሉ አያመጣም፣ የጠፋውን አይፈጥርም፣ የመብረቅን ፍንጣቂ አይደርስበትም፣ የተሳሳተ ኦቨርሎድንም አያርምም። የፋብሪካውን ሙሉ ጭነትና የ45 ኪሎዋት ሞተር መነሻ የሚችል ስታብላይዘር ራሱ ሌላ የሚበላሽ ማሽን ነው። የሦስቱ ፌዝ ቮልቴጅ ለሁለት ሳምንት ተመዝግቦ ሦስቱም አብረው በየዕለቱ ከ360 በታች እንደሚወርዱ ካሳየ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። እንዲያም ሆኖ የትራንስፎርመሩን ታፕ (የቮልቴጅ መምረጫውን) ማዞር ቀድሞ መታየት አለበት፤ ይህ ትራንስፎርመሩ ከመስመር ተቆርጦ በባለሙያ ብቻ የሚሠራ ነው።

ወደ ድራይቩ (የብሎወሩን ሞተር ፍጥነት ወደሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ስመጣ፣ «ኦቨርቮልቴጅ» የሚለው መልእክት ሁልጊዜ የመስመሩ ጥፋት አይደለም። መቼ እንደሚቆም ያስተውሉ። ብሎወሩን ሊያቆሙት ሲሉ ከሆነ፣ ከባዱ ፋን በፍጥነት እንዲቆም ስለተገደደ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ድራይቩ ይመልሳል፤ በውስጡ ያለው ወደ 540 ቮልት የሚጠጋው ዲሲ ከገደቡ ያልፋል። መፍትሔው ምንም አያስወጣም፤ የማቆሚያ ጊዜውን ወደ አንድ ደቂቃ ያስረዝሙት፣ ወይም በነጻ ተንከባሎ እንዲቆም ይሙሉት። ሥራ ላይ እያለ ወይም ቆሞ ሳለ፣ በተለይ መብራት ሲመጣ ከሆነ ግን ከመስመሩ ነው። የፓወር ፋክተር ካፓሲተር ካለዎትም ሲገባ ሲወጣ ይህን ያደርጋል። ለእነዚህ መድኃኒቱ ከድራይቩ በፊት የሚገጠም የመስመር ሪአክተር (ፍንጣቂውን የሚያለዝብ የሽቦ ጥቅል) እና በዋናው ቦርድ ላይ የሰርጅ (የድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ) መከላከያ ነው። መሬት የተቀበረው ኤርዚንግ ደካማ ከሆነ ግን የሰርጅ መከላከያው ጌጥ ነው፤ ኤርዙን አስቀድመው ያስለኩ።

የፈነዳው ድራይቭ የመግቢያ ዳዮዶቹ (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ወደ ዲሲ የሚለውጡት) ተቃጥለው ከሆነ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የመግቢያ ፌዝ መጉደል ጥበቃው በሴቲንግ ተዘግቶ ነበር? ድራይቩ እየቆመ ሲያስቸግር ብዙ ኤሌክትሪሺያን የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ይህን ጥበቃ ማጥፋት ነው። ድራይቩ ከዚያ በኋላ በሁለት ፌዝ እየሠራ ዳዮዶቹንና ካፓሲተሮቹን ይበላል። ይከፈት። ከፊቱም በማኑዋሉ የተጻፈው ፈጣን ፊውዝ ይግባለት፤ ተራ ብሬከር ለዳዮድ አይደርስም። ድራይቩን የሚከፍት ሰው መብራቱን ከቆረጠ በኋላ ማኑዋሉ የሚለውን ያህል ይጠብቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ ያላነሰ፣ ከዚያም ዲሲው መሞቱን ለክቶ ይንካ። ሞተሩን በሜገር ሲለኩም ኬብሉን ከድራይቩ ይፍቱ፣ አለበለዚያ ድራይቩን ራስዎ ይገድሉታል።

የእርስዎ አገር ከፍታም እዚህ ላይ ይገባል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የድራይቭ አምራቾች ደግሞ የሚጽፉት አቅም እስከ 1,000 ሜትር ላለው ነው፣ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ። አየሩ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዝ ይሳነዋል። በተለምዶ 45 አምፔር የሚሰጥ 22 ኪሎዋት ድራይቭ እርስዎ ዘንድ ወደ 37 ይወርዳል፤ ሙሉ ጭነት የያዘ 22 ኪሎዋት ሞተር ግን ከ40 በላይ ይፈልጋል። ቀጣዩን ሲገዙ 30 ኪሎዋት ይግዙ። ሞተሮቹን የአካባቢዎ ብርድ ስለሚክስላቸው ያን ያህል አያስጨንቁም። ኮንታክተርና ብሬከር የሚሠሩበት ደረጃ እስከ 2,000 ሜትር ስለሚያስብ እነሱን ልክ በልኩ ከመግዛት አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ትራንስፎርመር ሁልጊዜ ይጮሃል። የሚያሳስበው የድምፁ መለወጥ ነው፤ ድንገት ከጎላ፣ መፈንዳት መፈንዳት ካለው ወይም ከአንዱ ፌዝ መደብዘዝ ጋር አብሮ ከመጣ። የእርስዎ 315 ኬቪኤ በ400 ቮልት በኩል የሚችለው 455 አምፔር ነው፣ በ15 ኪሎቮልት በኩል ደግሞ 12 ብቻ። ድሮፕአውቱ የመነሻውን ፍንጣቂ ማሳለፍ ስላለበት ከ12 በደንብ ከፍ ተደርጎ የተመረጠ ነው፤ ከመጠን በላይ ጭነትን አያይም። ከጭነት የሚጠብቀው በ400 ቮልት በኩል ያለው ዋና ብሬከር ነው፣ እሱም ከ455 በላይ መሞላት የለበትም። የዘይቱን መጠን፣ የሲሊካ ጄሉን ቀለም፣ የዘይት ጠብታን፣ የመብረቅ መከላከያዎቹንና የኤርዙን ሽቦ ከክረምት በፊት ያስፈትሹ። የወደቀ ድሮፕአውት በእናንተ ሰው አይነሳም፣ በመዳብ ሽቦም አይተካም፤ የሚመለሰው በኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኛ ነው። እስኪመጡ ድረስ ዋናውን ብሬከር አጥፍተው ይጠብቁ፣ «ሁለቱ ፌዝ ይበቃል» ብሎ የሚያስነሳም አይኑር።

ገንዘቡ በዚህ ቅደም ተከተል ይውጣ። በዚህ ሳምንት ክላምፕ ሜትሩን ይዘው የኦቨርሎዱን ቦታ ይለዩ፣ የድራይቩን ሁለት ሴቲንግ ያስተካክሉ፤ ይህ ነጻ ነው። ቀጥሎ ልዩነት የሚለካ የቮልቴጅ ሪሌ በዋናው ቦርድ፣ ኤሌክትሮኒክ ኦቨርሎድ በ45 ኪሎዋቱ ላይ። ሪሌው መብራት ሲመለስ ሦስት ደቂቃ እንዲያቆይ ይሞላ፣ ሞተሮቹም አንድ በአንድ በሰው እጅ ይነሱ። ከዚያ ኤርዚንግና የሰርጅ መከላከያ፣ ከዚያ ሪአክተሩ። ቴርሚስተሩ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈታ፣ ወይም አዲስ ሲገዙ ከውስጡ ያለው ይመረጥ።

መጀመሪያ ላይ ፋብሪካው ከበፊቱ በላይ ሊቆም ይችላል፤ ድሮ ሞተሩ በዝምታ ይሸከመው የነበረውን አሁን ሪሌው ስለሚቆርጠው ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሪሌውን በጃምፐር ሊያልፈው ይፈተናል፤ አይፍቀዱለት። በቆመ ቁጥር ሰዓቱንና በሪሌው መስኮት ላይ የሚታዩትን ሦስት ቮልቴጆች ደብተር ላይ ያስጽፉ። መዛባቱ ከመስመሩ መሆኑን ያ መዝገብ ካሳየ ወደ ዲስትሪክቱ ይዘውት የሚሄዱት እሱን ነው፤ የተቃጠለ ሞተር ይዘው ቢሄዱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያስረዳልዎትም።